ቤት የለወጠው ራውተር፦ ከሲያትል የተነሣው የሥፍራ ካርታ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ2003፣ በሲያትል ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በነበረው የኢንቴል የምርምር ቤት የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ ቀላል የሚመስል ሐሳብ ይዘው ተነሡ። በከተማዋ በየመኖሪያ ቤቱ፣ በየቡና ቤቱና በየቢሮው የተተከለው የዋይፋይ ራውተር ቀንም ሌሊትም፣ ሰው ቢጠቀምበትም ባይጠቀምበትም፣ በሰከንድ ወደ ዐሥር ጊዜ ያህል ‹እዚህ አለሁ› እያለ ይጣራል። ሲጣራም ከፋብሪካ የተሰጠውን፣ ከሌላ ራውተር ጋር እንዳይመሳሰል የታሰበውን መለያ ቁጥር አብሮ ይናገራል። መስመሩ በይለፍ ቃል ቢቆለፍ እንኳ ቁጥሩ አይደበቅም። እያንዳንዱ ቁጥር የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ ቢኖር፣ በዙሪያው የሚጣሩትን ቁጥሮች የሰማ ላፕቶፕ ወይም ስልክ እርሱ ራሱ የት እንዳለ ማወቅ ይችላል፤ ሳተላይት አያስፈልገውም። ፕሌስ ላብ የተባለው ሥራ የተመሠረተው በዚህ ሐሳብ ላይ ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዘመኑን ማስታወስ ያሻል። በ2003 ጂፒኤስ ያለው ስልክ ብርቅ ነበር። መሣሪያው ቢኖርም ከሰማይ የሚመጣውን ደካማ ሞገድ ጣራና ግድግዳ ስለሚያግዱት፣ ሰው አብዛኛውን ቀኑን በሚያሳልፍበት በቤት ውስጥ እምብዛም አይሠራም። ከሲያትል ሐይቅ ማዶ በሬድመንድ፣ የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎቹ ፓራምቪር ባልና ቬንካታ ፓድማናብሃን በ2000 ባቀረቡት ራዳር በተሰኘ ሥራቸው፣ የዋይፋይን ሞገድ ጥንካሬ በመለካት በአንድ ፎቅ ውስጥ ያለን ሰው በጥቂት ሜትር ልዩነት ማግኘት እንደሚቻል አሳይተው ነበር። ያ ትክክለኛነት ግን የሚገኘው ኮሪደሩ አስቀድሞ እርምጃ በእርምጃ ሲለካ ብቻ ነው። ለአንድ ፎቅ ይቻላል፤ ለከተማ አይሆንም። እነ ቢል ሺሊት፣ አንቶኒ ላማርካና የምርምር ቤቱ የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት ፕሮፌሰር ጋኤታኖ ቦሪዬሎ ስምምነቱን ገለበጡት፤ ጥቂት ትክክለኛነት ይቅርና ከተማው ሁሉ ይሸፈን አሉ። በ2005 ሙኒክ ላይ ባቀረቡት ጽሑፍ፣ የዋይፋይ ራውተሮችንና የሞባይል ማማዎችን አዳምሮ የሚያዳምጥ መሣሪያ በታላቋ ሲያትል ከ20 እስከ 40 ሜትር በሚደርስ መካከለኛ ስሕተት፣ በሰዎች የዕለት ተዕለት ኑሮ ከሞላ ጎደል ባለማቋረጥ ሥፍራውን ሊያውቅ እንደሚችል አሳዩ።

ካርታው ግን ከየት ይምጣ? መልሱ ከአማተሮች መጣ። ላፕቶፕና የጂፒኤስ አንቴና ጭኖ በመኪና እየዞሩ የዋይፋይ ሞገድ መልቀም በዚያ ዘመን የወጣቶች ጨዋታ ሆኖ ነበር። ከ2001 ጀምሮ ዊግል የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ድረ ገጽ የለቃሚዎቹን መዝገብ በአንድ ቋት ያጠራቅም ነበር። በ2004 ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለትምህርታቸው ሲያትልን ተከፋፍለው ዞሩ፤ ከ5,000 በላይ ራውተሮችን መዝግበውም ተመለሱ። አንዱ ተማሪ ራቬና ውስጥ አንድ ጎዳና፣ ሌላው መሐል ከተማ አንድ አደባባይ ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም ሲገጣጠም ማንም ለብቻው ሊሠራው የማይችለው ካርታ ይሆናል። ከብዙኃን የተዋጣ የሥፍራ ቋት የሚባለው ይህ ነው።

ይህ ቋት አንድ ያልተነገረ እምነት ነበረው፤ ራውተር እንደ ቤት ነው፣ ቤት ደግሞ ከቦታው አይንቀሳቀስም የሚል። ራውተር ግን ቤት አይደለም። ከመጽሐፍ ያነሰች ሳጥን ናት። ተከራዩ ሲለቅ ከድስቱና ከብርድ ልብሱ ጋር በካርቶን ትታሸጋለች፤ በአዲሱ ቤት ስትሰካም ያንኑ የድሮ ቁጥሯን መጣራት ትጀምራለች።

ችግሩ በቁጥር ሲታይ ይጠራል። ራቬና ከዋሽንግተን ሐይቅ በስተምዕራብ የሚገኝ የሲያትል መኖሪያ ሠፈር ነው፤ ከርክላንድ ደግሞ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለ ከተማ ነው። በቀጥታ መስመር ወደ 7 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ። ራቬና ላይ የቆመ ስልክ ስምንት ራውተሮችን ሰማ እንበል። ሰባቱ በቋቱ ውስጥ በትክክል በራቬና ተመዝግበዋል፤ ስምንተኛው ግን ትናንት ከከርክላንድ የመጣ ቤተሰብ ንብረት ነው፣ ቋቱም አሁንም ከርክላንድ አለ ይለዋል። ቀላሉ ስልት የስምንቱን ሥፍራ አማካይ መውሰድ ነው። ያን ያደረገ ስልክ ባለቤቱን ወደ 900 ሜትር በስተምሥራቅ ይወስደዋል። ከ20 እስከ 40 ሜትር የተባለው ተስፋ በአንዲት ሳጥን ምክንያት ከሀያ ጊዜ በላይ ተበላሸ ማለት ነው። የተሰሙት ራውተሮች ሁለት ብቻ ቢሆኑና አንዱ ይህ ቢሆን ደግሞ ስልኩ ባለቤቱን ሐይቁ ዳር ያደርሰዋል።

በሰኔ 2005 ሞቢሲስ የተባለው ጉባኤ በዚያው በሲያትል ሲካሄድ፣ ዩ-ቹንግ ቼንግ፣ ያቲን ቻዋቴ፣ ላማርካና የማይክሮሶፍቱ ጆን ክረም ያቀረቡት ጥናት ይህን ጉዳይ ከመንገድ ላይ በተገኘ መረጃ መረመረ። የመሐል ከተማውን ሕንጻዎች፣ ራቬናንና ከርክላንድን በመኪና ዞረው፣ ቀላሉን የአማካይ ስልት ረቀቅ ካሉት ጋር አወዳደሩ። መካከለኛው ስሕተት እንደ ሠፈሩ ከ13 እስከ 40 ሜትር ሆነ። ካርታ እያረጀ ሲሄድ ምን እንደሚሆን ለማየትም ከመዝገቡ ላይ ራውተሮችን ሆን ብለው እየሰረዙ ሞከሩ። ሞገድ በሞላበት ሠፈር ብዙ ራውተር ቢጎድል እንኳ ሥርዓቱ በቀላሉ አይወድቅም፤ የቀሩት ይበቁታል።

መልካም ዜና ነበር፤ ነገር ግን የጎደለ ራውተርና የተዛወረ ራውተር አንድ አይደሉም። የጎደለው ዝም ያለ ምስክር ነው፤ ፍርዱን ያዘገየው ይሆናል እንጂ አያጣምመውም። የተዛወረው ግን ቀርቦ የሚናገር፣ በሙሉ ልብ የሚሳሳት ምስክር ነው። ዝምታን የሚችል ዳኛ ሁሉ የሐሰት ቃልን ይችላል ማለት አይደለም። የመስኩ የኋላ ታሪክ በአመዛኙ ይህን ምስክር እንዴት እንለየው በሚል ጥያቄ ዙሪያ የተሠራ ነው።

የመጀመሪያው መከላከያ የጎረቤት ምስክርነት ነው። ሰባቱ ራቬና ሲሉ አንዱ ብቻ ከርክላንድ ካለ፣ አማካዩን ከመውሰድ ይልቅ ብዙኃኑን ይዞ አንዱን መተው ይሻላል። ይህ ቤት ከቤት በተጠጋበት ከተማ ግሩም ሆኖ ይሠራል። ቤት ከቤት በራቀበት፣ ስልኩ አንድ ራውተር ብቻ በሚሰማበት ገጠር ግን ጎረቤት የለም፤ ብቸኛው ምስክር ራሱ ተከሳሹ ነው። ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ቢሮ ሕንጻ ሲለቅ ዐሥሩም ራውተሮቹ በአንድ መኪና ተጭነው ይሄዳሉ። በአዲሱ ቦታ እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ፤ ዐሥር ለባዶ ይስማማሉ፤ ሁሉም ግን ያለፈውን ቦታ ነው የሚናገሩት። ይህን ስምምነት የሚያፈርሰው ከውጭ የመጣ እውነት ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ ብልጭ ያለ ጂፒኤስ፣ ወይም በቀላሉ ነቅሎ መሄድ የማይቻለው የሞባይል ማማ። ፕሌስ ላብ ዋይፋይንና ማማን አዳምሮ መስማቱ ሽፋን ለማስፋት የተደረገ ቢሆንም፣ ላልታሰበ ጥቅም ውሏል ማለት ይቻላል።

ሰዎች ይህን ችግር ከኮምፒውተር በፊት ያውቁታል። አዲስ አበባ ውስጥ ‹ኦልድ ኤርፖርት› የተባለ ሠፈር አለ። አውሮፕላን ማረፊያው ወደ ቦሌ ከተዛወረ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ ስሙ ግን እዚያው ቀርቷል። ‹አሮጌ ቄራ› የሚለው ሠፈርም ቄራው ሲሄድ ስሙን አልሸኘም። ታክሲ ላይ ‹ኦልድ ኤርፖርት› ያለ ተሳፋሪ አውሮፕላን አይጠብቅም፤ ‹አሮጌ› የምትለው ቅጽል ነገሩ እንደሄደ፣ ቦታው ግን እንዳለ ለሁሉም ትናገራለች። ሕዝብ ለተዛወረ ምልክት ያበጀው ዘዴ ይህ ነው፤ አይሰርዘውም፣ በቀጠሮ ቦታነቱም አይጠራጠረውም፣ ዕድሜውን ብቻ ይለጥፍበታል። ቋት ግን ‹አሮጌ› ማለትን በራሱ አያውቅም። እያንዳንዱ መዝገብ መቼ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደታየ ካልተጻፈበት የሦስት ዓመቱና የትናንቱ ቃል እኩል ይመዝናሉ። ዊግል ከእያንዳንዱ ራውተር ጎን እነዚህን ሁለት ቀናት የሚያሳየው ለዚህ ነው።

ቀን መጻፍ ብቻ ግን አይበቃም፤ አዲስ ዕይታ መምጣት አለበት። የሲያትሉ ሥራ ትልቁ ፈተናም እዚህ ላይ ነበር። የፕሌስ ላብ ሰዎች ከመጀመሪያው የወሰኑት አንድ ነገር አለ፤ ካርታው ወደ ተጠቃሚው መሣሪያ ይወርዳል፣ ሥፍራውንም የሚያሰላው መሣሪያው ራሱ ነው። ተጠቃሚው የት እንዳለ ለማወቅ ማንንም አይጠይቅም፤ ስለዚህ የት እንዳለ ማንም አያውቅም። በዚያ ዘመን የሥፍራ አገልግሎት ሲባል የስልክ ኩባንያው ደንበኛውን ከማማው ላይ ሆኖ ማየቱ ነበር። የሲያትሎቹ ይህን ግንኙነት መገልበጥ ፈለጉ፤ መብራት ቤት መርከቧን ሳያውቃት መርከቧ መብራቱን አይታ መንገዷን እንደምትይዝ ማለት ነው።

የዚህ ምርጫ ዋጋ ግን ቀስ ብሎ ተገለጠ። ማንንም የማይጠይቅ መሣሪያ ለማንም አይናገርም። በራቬና የሰማው ስምንተኛ ራውተር ከካርታው ጋር እንደማይገጥም መሣሪያው ቢረዳ እንኳ፣ ያ ዕውቀት እዚያው ላፕቶፕ ላይ ይቀራል፤ ሐይቁን ተሻግሮ የሚመጣው ቀጣዩ ሰው እንደገና ይሳሳታል። የተዛወረን ራውተር ለማወቅ ሰዎች ዛሬ የት ሆነው ምን እንደሰሙ ማወቅ ያስፈልጋል። ካርታው ትክክል ሆኖ እንዲቆይ ከተፈለገ ካርታውን የሚጠቀሙት ሰዎች በተወሰነ ደረጃ መታየት አለባቸው። ትኩስነትና ምስጢር በአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ ይሳሳባሉ።

ላማርካ፣ ጄፍሪ ሃይታወር፣ ኢያን ስሚዝና ሰኒ ኮንሶልቮ በ2005 ቶኪዮ ላይ ያቀረቡት ራስን በራስ የመቀየስ ጥናት ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣ መንገድ ሳይፈልግ አልቀረም። መነሻው እንዲህ ነው፤ አንድ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ሁለት ራውተሮችን ከሰማ፣ ሁለቱ ሞገዳቸው ከሚደርስበት ርቀት ሁለት እጥፍ በላይ ሊራራቁ አይችሉም። ጥቂቶቹ የት እንዳሉ ከታወቀ፣ የሌሎቹ ቦታ ከዚህ ጉርብትና እንደ መረብ ይዘረጋል። ወደ 100 ቀን በሚጠጋ የእንቅስቃሴ መዝገብ ሲፈተን፣ ከሕዝብ ቋት፣ ከዋይፋይ ቦታዎች ዝርዝር ወይም አልፎ አልፎ ከሚገኝ ጂፒኤስ ተነሥቶ የሚያድገው ካርታ በአማካይ በመኪና ከተለቀመው የሚያንስ አልሆነም። ለተዛወረው ራውተር ይህ ሐሳብ ልዩ ትርጉም አለው። በጉርብትና መረብ ውስጥ ዝውውር ራሱን ያጋልጣል፤ ትናንት ከእነዚህ ጋር ይሰማ የነበረ ቁጥር ዛሬ ከእነዚያ ጋር ከተሰማ፣ 7 ኪሎ ሜትር የሚዘል ሞገድ ስለሌለ የሄደው ሳጥኑ ነው። ይህን ሁሉ ደግሞ መሣሪያው በባለቤቱ ኪስ ውስጥ ሊያሰላው ይችላል። ዓለም ግን በዚህ መንገድ አልሄደም።

በዚያው በ2003 በቦስተን የተቋቋመው ስካይሁክ ሌላውን መንገድ መረጠ። መኪናዎችን በደሞዝ አሠማርቶ የከተማዎችን ጎዳና አስለቀመ፤ ሥፍራውንም ከማዕከላዊ ቋት እየተጠየቀ የሚመልስ አገልግሎት አደረገ። በጥር 2008 አፕል ቋቱን በአይፎን ውስጥ ሲያስገባ፣ ያለ ጂፒኤስ የተሠራው የመጀመሪያው አይፎን በድንገት የቆመበትን ማወቅ ጀመረ። ስካይሁክ ካስመዘገባቸው ፓተንቶች መካከል አንድ ራውተር መዛወሩን ወይም አዲስ መሆኑን ከተጠቃሚዎች ጥያቄ እንዴት መገመት እንደሚቻል የሚገልጹ አሉ። እያንዳንዱ ጥያቄ ምስክርነትም ነው፤ ‹የት ነኝ?› ብሎ የሚጠይቅ ስልክ ‹እነዚህን ራውተሮች አብሬ እሰማለሁ› ብሎ እየነገረ ነው። የሲያትሎቹ ካርታ ያጣው ግብረ መልስ እዚህ በነፃ ይፈስሳል። ያ ዕውቀት የገንዘብም ነበር፤ ስካይሁክ በ2010 ጎግልን በፓተንት ከሰሰ፣ ክርክሩም በ2015 በ90 ሚሊዮን ዶላር ክፍያ ተዘጋ። አፕል በበኩሉ በ2010 የራሱን ቋት መጠቀም ጀመረ። ለቃሚ መኪና አላስፈለገውም፤ ለቃሚዎቹ በየኪሱ ያሉት ስልኮች ሆኑ።

የሲያትል ሰው ይህን ሁሉ በባሕሩ ላይ ሊያየው ይችላል። የዋሽንግተን ግዛት ጀልባዎች በ2000ዎቹ አጋማሽ ዋይፋይ ማስገባት ጀምረው ነበር። ከሲያትል ወደብ ተነሥቶ በ35 ደቂቃ ቤንብሪጅ ደሴት የሚደርሰው ጀልባ ላይ ያለ ራውተር በቀን ብዙ ጊዜ ባሕሩን ይሻገራል። የሁለቱን ወደቦች አማካይ የሚወስድ ቋት መሐል ባሕር ላይ ይተክለዋል፤ በጉዞው እኩሌታ ላይ ላለ ተሳፋሪ ይህ ትክክል መሆኑ ያስቃል፣ ወደቡ አጠገብ ቡና ለሚጠጣ ሰው ግን ከባድ ስሕተት ነው። የኪንግ ካውንቲ ሜትሮ በ2005 በአንዳንድ አውቶቡሶቹ ዋይፋይ ሞከረ፤ ማይክሮሶፍትም ከ2007 ጀምሮ ሠራተኞቹን በሚያመላልስባቸው አውቶቡሶች ላይ አስገባው። አውቶቡስ ሲያልፍ በየጎዳናው ያለው ስልክ ሁሉ ያን ቁጥር ይሰማል። ከዚያም ስልኮች ራሳቸው ሞገድ ማጋራት ሲጀምሩ፣ የትም ቢሄዱ የሚከተል ራውተር በየኪሱ ሆነ።

ስለዚህ ቋቶቹ ሁለት ዓይነት መንገደኞችን መለየት ነበረባቸው። አንደኛው አንድ ጊዜ ተዛውሮ የሚቀመጥ ነው፤ ለእርሱ የድሮውን መርሳትና አዲሱን መያዝ ይበቃል። ሁለተኛው መቼም የማይቀመጥ ነው፤ ለእርሱ አዲሱን መያዝ ራሱ ስሕተት ስለሆነ ከካርታው መውጣት አለበት። ችግሩ በመጀመሪያው ቀን ሁለቱ አንድ መምሰላቸው ነው። በሩቅ ስፍራ የታየ ቁጥር ቤት የለወጠ ይሁን ጀልባ በአንድ ዕይታ አይታወቅም፤ ጊዜ ብቻ ነው የሚለየው።

ይህን አሠራር ሕዝብ እንዲያየው ያደረገው የሞዚላ የሥፍራ አገልግሎት ነው። በ2013 የተጀመረው ይህ አገልግሎት ፕሮግራሙን ለሁሉም ክፍት አደረገ፤ ስሙም ኢክኔያ፣ ‹ዱካ ፈላጊ› የሚል ፍቺ ያለው የግሪክ ቃል ነበር። ሕጉ ጨካኝ ግን ብልህ ነው። አንድ ራውተር ቀድሞ ከተመዘገበበት በኪሎ ሜትር በሚቆጠር ርቀት ላይ ሲታይ ቋቱ አዲሱን ሥፍራ አያምንም፤ የድሮውንም አይጠብቅም። ሁለቱንም ትቶ ቁጥሩን ለጊዜው ያግደዋል። የእገዳው ጊዜ ሲያልፍ ራውተሩ እንደ አዲስ ከባዶ ይጀምራል። እገዳው ከተደጋገመ ተንቀሳቃሽ ተብሎ ጨርሶ ይወጣል። ጥርጣሬ ላይ ያለን ምስክር ከማመንም ከመወንጀልም ይልቅ ለጊዜው ችሎት እንዳይገባ ማድረግ ማለት ነው። ዋጋው በትንሹ ከተማ ይከፈላል፤ ሲያትል መሐል አንድ ራውተር ቢታገድ የሚያስተውለው የለም፣ ሦስት ራውተር ባለበት መንደር ግን አንዱ ሲታገድ ሌላው ማረጋገጫ ያጣል።

ሞዚላ አንድ ሌላ ውሳኔም ወሰነ፤ የሞባይል ማማዎችን መዝገብ ለሕዝብ ሲለቅ የዋይፋዩን ግን አልለቀቀም። ማማ የኩባንያ ነው፤ ራውተር የሰው ነው። የአንድን ራውተር ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሙሉውን መዝገብ ቢያገኝ፣ ባለቤቱ ከተማ ለቆ የት እንደገባ በቁጥሩ ፈልጎ ያገኘዋል። ለትክክለኛነት ሲባል የተሠራው መሣሪያ ሁሉ ከዚህ ወገን ሲታይ መልኩ ይለወጣል። ‹ይህ ራውተር ከራቬና ወደ ኬንት ተዛውሯል› የሚለው እርማት ‹ይህ ቤተሰብ ከራቬና ወደ ኬንት ሄዷል› ማለት ነው። ቋቱ ፈጥኖ ባረመ ቁጥር የሰዎቹን ዱካ ፈጥኖ ይናገራል።

ይህ የማስፈራሪያ ወሬ እንዳልሆነ በ2011 ታየ። የማይክሮሶፍት የሥፍራ አገልግሎት ለማንም ጠያቂ የአንድን መለያ ቁጥር ሥፍራ ይመልስ ነበር፤ የስታንፎርዱ ተመራማሪ ኤሊ በርስታይንና ሌሎች ይህን ሲገልጡ ኩባንያው አንድ ቁጥር ብቻ ላቀረበ መልስ እንዳይሰጥ አደረገ። ጎግልም ጥቂት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ እርምጃ ወስዶ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ በእውነት ቦታው ላይ የቆመ ሰው ጎረቤት ራውተሮችንም ይሰማል፣ ከሩቅ የሚያሳድድ ግን አንዷን ቁጥር ብቻ ይዟል። የጎረቤት ምስክርነት፣ ስሕተትን ለመያዝ የተፈጠረው ያው ስልት፣ አሁን አሳዳጅን ለመያዝ ዋለ።

አፕል ግን ከሌሎቹ በተለየ መንገድ ይሠራል፤ ስልኩ ራሱ ያሰላ ዘንድ ቋቱ ስለ አንድ ቁጥር ሲጠየቅ የአካባቢውን ብዙ ራውተሮች ሥፍራ አብሮ ይልካል። ከፕሌስ ላብ አሠራር ጋር የሚመሳሰልበት ጎን አለው፤ ስሌቱ በኪስ ውስጥ ይሆናል፣ ተጠቃሚውም ከኩባንያው ዓይን በከፊል ይሰወራል። ግን የተጠቃሚው ምስጢር የተጠበቀው በባለ ራውተሮቹ ምስጢር ነው። በ2024 የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲዎቹ ኤሪክ ራይና ዴቭ ሌቪን ይህን በር ተጠቅመው በአንድ ዓመት ውስጥ ከ2 ቢሊዮን በላይ ራውተሮችን ሥፍራ ከመላው ዓለም እንደሰበሰቡ አሳተሙ። ዩክሬን ውስጥ የስታርሊንክ መሣሪያዎች ሲገቡና ሲንቀሳቀሱ፣ ጋዛ ውስጥ ራውተሮች ሲጠፉ፣ በሐዋይዋ ማዊ ደሴት ከቃጠሎው በኋላ ሠፈር ሙሉ ዝም ሲል ታያቸው። በሲያትል ሠላሳ ሜትር ለማረም የተጀመረው ጥያቄ የጦር ግንባርን ማሳያ ሆኖ ተገኘ።

ከጦር ግንባሩ ይልቅ ቅርብ ያለው ግን ተከራዩ ነው። ራውተሩ በብዛት የሚዛወረው ማን እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። የራሱ ቤት ያለው ሰው ሳጥኑን አንድ ጊዜ ሰክቶ ይረሳታል። በቤት ኪራይ መናር ከሴንትራል ዲስትሪክት፣ ከቼሪ ጎዳና አካባቢ ወደ ሬኒየር ቫሊ፣ ከዚያም ወደ ተክዊላ፣ ሬንተንና ኬንት ቀስ በቀስ የተገፉት የሲያትል ኢትዮጵያውያን፣ ኤርትራውያንና ጥቁር አሜሪካውያን ቤተሰቦች ካርቶኑን ደጋግመው ያሸጉ ናቸው። ከሚደበድባት ባል ሸሽታ ልጆቿን ይዛ በሌሊት የወጣች ሴትም፣ ቤት ስትገባ መስመር ለማስቀጠል ያንኑ ሳጥን ትሰካለች። ለቋቱ እርሷ የአካባቢ ስሕተት ናት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ የምትታረም። ባል የነበረው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ከድሮ ደረሰኝ ወይም ከራሱ ስልክ ላይ ያውቀዋል።

ለባለቤቱ የተሰጠው መውጫ ጠባብ ነው። ጎግል በ2011 መጨረሻ ባስታወቀው ልማድ መሠረት፣ የዋይፋዩ ስም በላቲን ፊደል ‹ኖማፕ› በሚል ቃል ካለቀ፣ ከፊቱም የታች ሰረዝ ካለ፣ ራውተሩ ከቋቱ ይወጣል። ማይክሮሶፍት ‹ኦፕትአውት› የሚል የራሱን ቃል አወጣ፤ ሁለቱንም የፈለገ ሁለቱንም መደርደር አለበት፣ ‹ኖማፕ›ን ከመጨረሻ አድርጎ። አፕል ይህን ልማድ ማክበር የጀመረው በመጋቢት 2024፣ የሜሪላንዶቹ ግኝት ሊወጣ ሲል ነው። ከሁሉ በላይ እንዲያውቅ የሚያስፈልገው ሰው ስለዚህ ቃል ሰምቶ የማያውቀው ነው፤ የኪራይ ሳጥኑን ስምም አብዛኛው ሰው እንዴት እንደሚለወጥ አያውቅም።

ክፍት የነበረው የሞዚላ አገልግሎት በ2024 ተዘጋ። ከምክንያቶቹ አንዱ ስካይሁክ በ2019 ያነሣው የፓተንት አቤቱታ ያስከተለው ገደብ፣ ሌላው የትክክለኛነቱ ማሽቆልቆል ነበር፤ ዕይታ የሚያዋጣው ሰው ሲያንስ ካርታው አረጀ። የሲያትሉ የኢንቴል ምርምር ቤት ቀድሞ በ2011 ተዘግቶ ነበር። የቀሩት ቋቶች በአብዛኛው የጥቂት ታላላቅ ኩባንያዎች ናቸው፤ የተዛወረን ራውተር በስንት ቀን እንደሚረሱ፣ በምን ርቀት እንደሚጠራጠሩ ለሕዝብ የሚናገሩበት ልማድ የላቸውም።

ስታርሊንክ መሣሪያዎቹ መለያ ቁጥራቸውን እንዲለዋውጡ ማድረግ ጀምሯል። ቁጥሩን የሚለውጥ ራውተር አይዛወርም፤ በአንዱ ቦታ ይጠፋል፣ በሌላው ቦታ ያለፈ ታሪክ የሌለው አዲስ ሆኖ ይወለዳል። ካርታው የሐሰት ምስክር አይገጥመውም፤ አሳዳጁም የሚፈልገው ቁጥር የለውም። አብዛኛው የመኖሪያ ቤት ራውተር ግን አሁንም ፋብሪካ የሰጠውን ቁጥር ይዞ ከካርቶኑ ይወጣል፣ ይሰካል፣ በሰከንድ ወደ ዐሥር ጊዜም ይጣራል።